ቁራሌው ያልወሰደው፦ ከተጣለ ዕቃ የሰፈር ዐውደ ርዕይ ማዘጋጀት

ከተጣለ ዕቃ የጥበብ ዐውደ ርዕይ እናዘጋጅ ብላችሁ ስትነሡ መጀመሪያ የሚቸግራችሁ የሚጣል ዕቃ ማግኘት ነው። አልቀለድኩም። አዲስ አበባ ውስጥ በዋዛ የሚጣል ነገር የለም። ሃይላንዱ ዘይት ይቀዳበታል። ጣሳው አበባ ይተከልበታል። ጎማው በረባሶ ይሆናል። የቀረውን ቁራሌው በማዳበሪያ ተሸክሞ ይሄዳል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሲደርስ በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ ይወጣዋል።

እኛ ሰፈር መጀመሪያ ስንሞክረው ይህን አላሰብንበትም። ልጆቹን "ያገኛችሁትን አምጡ" አልናቸው። በሦስተኛው ቀን የሰፈራችን ቁራሌ በር ላይ ጠበቀኝ። "ጋሼ፣ ልጆቹ እንጀራዬን እየዘጉብኝ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ለእኛ ጨዋታ የሆነው ለእሱ የዕለት ገቢው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለን፦ ቁራሌው የሚገዛውን አንነካም። የግድ ካስፈለገን ከእሱ እንገዛለን። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ በዚህ ደንብ የተሠራ ነው።

ቀኑን ከኅዳር 12 ተነሥታችሁ ቁጠሩ

ሰው ዓመቱን ሙሉ አልጋ ሥር የደበቀውን ዕቃ የሚያወጣበት አንድ ቀን አለ፤ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያን ሁሉ ሰው ከፈጀ ወዲህ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ጓዳው ይጠረጋል፣ ቆሻሻው ደጅ ወጥቶ ይቃጠላል። እናንተ ከእሳቱ ቅደሙ። ከኅዳር 5 እስከ 11 ባለው ሳምንት በየቤቱ እየዞራችሁ ሰብስቡ። የሚቃጠለው ፕላስቲክም ትንሽ ይቀንሳል።

ሌላም ጥቅም አለው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። በጾም ሠርግ ስለማይደገስ የዕድሩን ድንኳን የሚሻማችሁ አይኖርም። ዝናቡም አልፏል። ለመሥራት አራት ሳምንት ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ቅዳሜና እሑድ ማሳየት ነው። ታኅሣሥ 19 ላይ ወይም ዋዜማው ላይ ግን እንዳታደርጉት። ግማሹ ሰፈር ቁልቢ መንገድ ላይ ነው።

ዕድሩንና ወረዳውን ማስፈቀድ

አዳራሽ ፍለጋ አትድከሙ። ዕድሩ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ጠረጴዛ አለው። በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ቀርባችሁ ጠይቁ። ለሰብሳቢው ብቻ በስልክ ነግሮ መጨረስ አይሠራም። ዕድር የሁሉም ነው፤ ያልተጠየቀ ሰው ኋላ ያኮርፋል።

ማመልከቻችሁ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳትረሱ፦ "ለቅሶ ከደረሰ ድንኳኑን በአንድ ሰዓት ውስጥ እናስረክባለን።" ሽማግሌዎቹን ያሳመነልን ይህ ነው። ቃሉን ለመጠበቅ ደግሞ ምንም ነገር ድንኳኑ ላይ አይሰቀልም። ሁሉም ሥራ በራሱ እግር መቆም አለበት። እንዴት እንደሆነ ወደታች እመጣበታለሁ።

ወረዳው ደብዳቤ ይፈልጋል። ከሁለት ሳምንት በፊት አስገቡ። ማኅተም የተመታበትን ቅጂ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ኪሱ ይያዝ፤ ደንብ አስከባሪ መጥቶ ሲጠይቅ ደብዳቤው ሰብሳቢው ቤት ነው ማለት አያዋጣም።

አሁን የሠራነውን ስሕተት ልንገራችሁ። ድንኳኑን ዓርብ ማታ ተከልነው። ቅዳሜ ጠዋት ገና ሥራዎቹን እያስገባን ሳለ ሦስት እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከላይኛው መንገድ ብቅ አሉ። አንዷ ከሩቅ ማልቀስ ጀምራለች። "ማን ነው? ማን ነው የሞተው?" ምን ብዬ እንደመለስኩ ዛሬም አላስታውስም። ብቻ ወንበር አቀረብንላቸው፣ ቡና ጠጡ፣ ተሳቀ። እናንተ ግን ቀድማችሁ ተጠንቀቁ። የዕድሩ ለፋፊ ሐሙስና ዓርብ ሰፈሩን ይዙር፤ ጥሩምባውን ግን ቤቱ ይተው። በድንኳኑ መግቢያ አጠገብም ከቆርኪና ከባለ ቀለም ጨርቅ የተሠራ ነገር በራሱ እግር ከፍ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ሙዚቃም ክፈቱ። ከሩቅ ያየ ሰው ለቅሶ እንዳልሆነ ይግባው።

ምን ይሰብሰብ፣ ምን ይቅር

ቁራሌ የማይወስደው ብዙ ነው። የተሰበረ ሲኒና ጀበና። አንድ እግር ሸበጥ። ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ። የካሴት ክር። የተቧጨረ ሲዲ። የተፋቀ የሞባይል ካርድ፣ ካለ። ባዶ የኪኒን ማሸጊያ። የጃንጥላ ጨርቅ። የጥርስ ብሩሽ። ፌስታል። የእኛው ቁራሌ ቆርኪም አይገዛም፤ የእናንተውን ጠይቁት። እንዲያውም ከመሰብሰባችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ከእሱ ጋር ሻይ ጠጡ። በየትኛው ግቢ ምን ዓይነት ዕቃ እንደተከማቸ ከወረዳው ይልቅ እሱ ያውቃል።

ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ማዳበሪያ ብቻ ስጡ። ገደብ ካላበጃችሁ ሰው ጓዳውን እናንተ ላይ ይገለብጠዋል። ዕቃውን ስትቀበሉ የማን ቤት እንደነበረና ምን ሲሠራበት እንደኖረ በደብተር ጻፉ። አሁን ትርፍ ሥራ ይመስላል። ኋላ ግን ዐውደ ርዕዩን የሚያቆመው ይህ ደብተር ነው።

የማይነኩ ነገሮች አሉ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። መርፌና ሲሪንጅ። ያበጠ የስልክ ባትሪ። የመኪና ባትሪ፣ አሲድም እርሳስም አለበት። ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል፣ ሲሰበር የሜርኩሪ ትነት ይወጣዋል። የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ፣ የቱንም ያህል ቢታጠብ። የድሮው ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ደግሞ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ልጆች እንዳይፈቱት። መዳብ ለማውጣት ሽቦ ማቃጠልም ፈጽሞ አይሞከርም፤ የፕላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው።

ማጠብ

ይህን ክፍል ማንም አይወደውም፤ እኔም ጨምሮ። ግን የሚሸት ነገር ፊት ሁለተኛ የሚቆም ጎብኚ የለም።

ሁሉንም በላርጎ ውኃ አሳድሩት። ጠዋት እሹትና በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት። ከምግብ ጋር የተነካካውን በብዙ ውኃ በቀጠነ በረኪና ድገሙት። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የጠርሙስ ወረቀት ሞቅ ባለ የሳሙና ውኃ ይላቀቃል። የሚቀረው ሙጫ የምግብ ዘይት ሲቀቡት ይለቃል። ብረት ነክ የሆነውን ግን አታሳድሩት፤ ዕለቱን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ ካደረ ይዝጋል። የጣሳ አፍ እጅ ስለሚቆርጥ ጠርዙን ወደ ውስጥ በመዶሻ አስተኙት። ጓንት ለሁሉም ሰው ይኑር።

የቆርኪ መጋረጃ

ብዙ እጅ አብሮ የሚሠራው አንድ ትልቅ ሥራ ይኑራችሁ። እኛ የመረጥነው መጋረጃ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ፣ ንሱካ ሲሠራ የኖረው ኤል አናትሱይ ከመጠጥ ጠርሙስ ክዳን ግድግዳ የሚያለብሱ ሥራዎች ሠርቶ ዓለም አውቆታል። ግን የእሱ ክዳን ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። የእኛ ቆርኪ ጠንካራ ብረት ነው። እጠፈዋለሁ ብሎ መታገል ጣት ማቁሰል ነው። እንደነበረ ተዉት፤ ክብ ቅርጹ ራሱ ያምራል።

ስሌቱን ቀድማችሁ ሥሩ። ቆርኪ ስፋቱ ከጥግ እስከ ጥግ 3.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመሀል ትንሽ ክፍተት ከተዋችሁ በአንድ ሜትር መስመር 28 ይደረደራል። ስለዚህ ለአንድ ካሬ ሜትር 800 የሚጠጋ ቆርኪ ትፈልጋላችሁ። እያንዳንዱ አራት ቀዳዳ አለው። 3,200 ቀዳዳ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለልጆቹ ከመጀመሪያው አትንገሯቸው።

ቆርኪውን ከሰፈር ግሮሰሪዎች ለምኑ። ባልዲ ትታችሁላቸው በሳምንቱ ተመለሱ። ሲበሳ ደግሞ እንዲህ ነው። ወፈር ያለ የባሕር ዛፍ ጉማጅ መሬት ላይ አስቀምጡ። ቆርኪውን አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት። ወፍራም ምስማር ከጥርሱ ገባ ብሎ ይቁም፣ በመዶሻ አንድ ጊዜ ምቱ። አንድ ጊዜ! ሁለቴ ከመታችሁ ምስማሩ ጉማጁ ውስጥ ይቀረቀርና መንቀሉ ከመምታቱ ይብሳል። ከውስጥ ወደ ውጭ ስለተበሳ የቀዳዳው ሹል ጠርዝ በፊት በኩል ይወጣል፤ አገላብጣችሁ ቀስ ብላችሁ ደልዱሉት፣ አለበለዚያ የሚነካካ ልጅ ይቧጨራል። እጁ ከለመደ አንድ ሰው በደቂቃ ሦስት ቆርኪ ይጨርሳል። ለአንድ ካሬ ሜትር ብቻውን ከአራት ሰዓት በላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ስድስት ሰው ሆናችሁ ቡና እያፈላችሁ ከሠራችሁት ግን ሳታውቁት ያልቃል።

ለማያያዣ ከግንባታ ቦታ የሚተርፍ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ይበቃል። ጥበቃውን በሰላምታ ጠይቁት፤ መሬት ላይ የወደቀውን ቁርጥራጭ አይከለክላችሁም። አራት አራት ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በፒንሳ ቁረጡ፣ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ጎረቤቱ አሳልፋችሁ ከኋላ ጠምዝዙ። ጥብቅ አታድርጉት፤ ላላ ካለ መጋረጃው ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል። ሰው ወደ ድንኳኑ የገባው ድምፁን ሰምቶ ነው።

ሙጫ ለምን አልተጠቀማችሁም የሚለኝ አለ። ሙጫ ፀሐይ ሲመታው ይለቃል። ከሁሉም በላይ ግን በሽቦ የታሰረ ነገር ይፈታል። በሙጫ የተያያዘ ብረትና ፕላስቲክ ቁራሌም አይወስደው፣ ማንም አይወስደው። ዐውደ ርዕዩ ሲያልቅ ቆሻሻ ያልነበረውን ቆሻሻ አደረግነው ማለት ነው።

የቀሩት ሥራዎች

እዚህ ላይ ብዙ አልመክርም። ሰው የየራሱን ይሥራ። አንድ ብቻ ልጠቁም፤ ስፌት የምታውቅ እናት ካለች ፌስታሉን ለእሷ ስጧት። በአክርማ ፋንታ ፌስታል እየጠመዘዘች ስንደዶው ላይ በወስፌ ስትሰፋው የሚወጣው ሰፌድ ቀለሙ ያስደነግጣል። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ስለጸደቀ ይህ ሰፌድ ነገ ቅርስ ይሆን ይሆናል።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ልጆቹን ይዛችሁ መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም ሂዱ። ከመሥራቾቹ አንዱ ኤልያስ ስሜ በተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በኮምፒውተር ቦርድና በቁልፍ የሚሠራ ሰው ነው። አብሮን የሄደ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የተጠላለፈውን ሽቦ በቅርብ አይቶ "ይሄንን እኔም እችላለሁ" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ግን ትዕግሥቱ የለኝም" ብሎ ጨመረ። በጣም ልክ ነው።

ማቆም፣ ማብራት

ሥራዎቹ ድንኳኑ ላይ አይሰቀሉም ብያለሁ። መደገፊያውን ከአጣና ሥሩ። ሁለት ሜትር የሚሆኑ ሁለት አጣናዎች አቁሙ፣ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ አግድሙባቸው። ከኋላ ሦስተኛ እግር ጨምሩና በገመድ እሰሩት። እግሩ ላይ አሸዋ የሞላ ሃይላንድ እሰሩበት። የታኅሣሥ ነፋስ ቀላል አይደለም፤ የእኛ አንዱ መደገፊያ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ፊት ተንጋሏል። ደግነቱ የተሸከመው ሸበጥ ነበር።

የሥራው መካከል ከመሬት አንድ ሜትር ከሃምሳ ላይ ይሁን፤ ለአዋቂ ዓይን ይመቻል። ከልጆች ሥራ ግማሹን ዝቅ አድርጉት፤ የራሳቸውን ሥራ ቀና ብለው ማየት የለባቸውም።

በቀን አሳዩ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይበቃል፣ መብራት ጠፋ አልጠፋም አያሰጋችሁም። የድንኳኑን ሸራ ቀለም ግን አስቀድማችሁ እዩ። የእኛ ሰማያዊ ነበር፤ ከውስጥ ሁሉም ነገር፣ የሰው ፊት ሳይቀር፣ ሰማያዊ ሆነ። ሁለቱን ጎን ከፍተን ነው የተገላገልነው።

ከሥራው ሥር ምን ይጻፍ

ደብተሩ አሁን ይውጣ። ለእያንዳንዱ ሥራ አራት መስመር ይበቃል፦ ርእሱ፣ ማን እንደሠራው፣ ከምን እንደተሠራ፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ። የቤቱ ባለቤት ስሜ ይጻፍ ካላሉ "ከአንድ ጎረቤት" በሉ። ጽሑፉ ጎላ ይበል፣ መነጽር የረሳ አዛውንት ሊያነበው የሚችል።

አራተኛው መስመር ላይ አትስነፉ። አንዲት ጎረቤታችን አንገቱ የተሰበረ ጀበና ሰጥተውን ነበር። ልጆቹ ስብርባሪውን ከሲኒ ስባሪ ጋር በሽቦ አንጠልጥለው ሠሩት፤ ከሥሩ "11 ዓመት ቡና የፈላበት ጀበና" ብለን ጻፍን። እማማ መጥተው ብዙ ቆሙ። ከዚያ ጥላሸት የያዘችውን አንዷን ስባሪ በጣታቸው ነክተው "ይቺ ቂጧ ናት" አሉ። ቀጥሎም ለመጣው ሰው ሁሉ ማስጎብኘት ጀመሩ። የቀጠርነው አስጎብኚ ሥራ ፈታ።

ርእስ ስታወጡ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንድ ወጣት የፌስታል ክምሩን ለቀልድ "ቆሼ" ብሎት ነበር። አንዲት ጎብኚ ርእሱን አንብባ፣ ምንም ሳትናገር ወጣች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 ሰው በላይ ሞቷል፤ ማን ማንን እንዳጣ አታውቁም። ወጣቱ ራሱ ወረቀቱን አንሥቶ ቀየረው።

ሁለቱ ቀናት

ፈንዲሻና ቡና ይኑር። መግቢያ በነፃ ይሁን። ሥራ የሚሸጥ ከሆነ ድርሻውን ቀድማችሁ በወረቀት ተፈራረሙ፤ ለሠሪው ስንት፣ ለወጪ ስንት። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ውይይት ጠብ ነው። ለማታው ዘበኛ ቅጠሩ። ከመዳብ የተሠራ ነገር ካላችሁ እሱን ወደ ቤት አስገቡት፤ መጀመሪያ እግር የሚያወጣው መዳብ ነው።

ቁራሌውን በክብር ጥሩት። የእኛው እሑድ መጣ፣ ማዳበሪያውን ደጅ አስቀምጦ ገባ። መጋረጃውን በእጁ መዘን መዘን አድርጎ "ይሄ ሦስት ኪሎ ይወጣዋል" አለ። ዘግይተን በሚዛን ስናየው ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም ሆነ።

ማፍረስ

እሑድ 11 ሰዓት ላይ ዕቃውን በሦስት ክፈሉ። ባለቤት የሚፈልገው ወደ ባለቤቱ። ለወጣት ማዕከል ወይም ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ለብቻ። የቀረው ተፈትቶ፣ ብረቱ ከብረት፣ ፕላስቲኩ ከፕላስቲክ ተለይቶ ለቁራሌው። ሽቦውን ከመሬት ልቀሙ፤ በማግሥቱ ልጆች በባዶ እግር የሚሮጡበት ሜዳ ነው።

መጨረሻ ላይ የዕድሩን ወንበር ቁጠሩ። 60 ወስዳችሁ 59 ከመለሳችሁ፣ ከርሞ ደብዳቤ ይዛችሁ ባትሄዱ ይሻላል። የእኛ ስድሳኛዋ ማክሰኞ ዕለት ግሮሰሪው ደጃፍ ተገኘች፤ ባልዲው ሳይቀር ተቀምጦባታል።